የክርስትና ልጅዎ ዳገት አልወጣም አለች

ኤል አልቶ፣ ሐምሌ 29

ለማከብርዎት አበልጄ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ዝናብ ሊመጣ ሲል ከራዲዮኑ ቀድሞ የሚያውቀው ግራ ጉልበትዎ፣ ኮቻባምባ ከወረዱ ወዲህ ሥራ ፈታ ወይስ እዚያም ደመና ይቆጥራል? ልጅዎ፣ የልጅ ልጆችዎ፣ በጓሮ የተከሉት የኮክ ዛፍ፣ ሁሉም ደህና ናቸው ብዬ አምናለሁ። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ብርዱ እንደሚያውቁት ነው፤ የቧንቧው ውሃ በረዶ ሆኖ ስለሚያድር ፊቴን የምታጠበው ከረፋዱ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰፈሩ የሚያየኝ በትናንትናው ፊቴ ነው። ጎረቤቴ ዶኛ ሳቱርኒና፣ ድንች ነጋዴዋ፣ ደህና ናት። ምላሷም ደህና ነው፤ ዕረፍት የሚባል ነገር ወስዶ አያውቅም።

ደህና ያልሆነችው የክርስትና ልጅዎ ፔትሮኒላ ናት።

በስልክ በጠየቁኝ ቁጥር «ደህና ናት፣ ትስምዎታለች» እያልኩ ዓመቱን ሙሉ ዋሽቼዎታለሁ። አሥራ አራት ወንበር ያላት ሚኒባስ ሰው እንዴት እንደምትስም አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቁኝ ስለቀሩ አመሰግናለሁ። አሁን ግን ነገሩ ከውሸት አቅም በላይ ሆኗል። የክርስትና እናት ልጇ መኪናም ብትሆን እውነቱን የማወቅ መብት አላት ብዬ ቁጭ ብያለሁ። ደውዬ ያልነገርኩዎት፣ እርስዎ በስልክ ሲስቁ ልናገር የነበረው ስለሚጠፋኝ ነው። ወረቀት አይስቅም።

ባለፈው ነሐሴ ኮፓካባና፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ምን እንደምትመስል ያስታውሱ። ግንባሯ ላይ እርስዎ በእጅዎ የጎነጎኑት አበባ፣ መስታወቶቿ ላይ ሪባን፣ ጣራዋ ላይ የገለባ ባርኔጣ። ከኋላችን ሠላሳ መኪና ተሰልፎ፣ ሁሉም እንደ ሙሽራ ተኩሎ፣ እሷን የሚያህል አልነበረም። ስም ያወጡላት እርስዎ ነዎት። አባ ጠበላቸውን ረጭተው ሲጨርሱ፣ እንደ ደንባችን ኮፈኖውን ከፍተው ሞተሯን በቢራ የባረኩትም እርስዎ ነዎት። ደንቡ ጥቂት ጠብታ ነው። ነገር ግን እጅዎ ቆጥቦ ስለማያውቅ ጠርሙሱን ገለበጡት፤ ከዚያ ጣፋጩን ወይን ጨመሩበት፤ የቀረውን ጫማዬ ጠጣው። አባም ዘወር ብለው «ትዳራችሁን ይባርክላችሁ» ቢሉን አበልጅ ከአበልጅ አይጋባምና «አበልጅ ነን አባ! አበልጅ!» ብለው የመለሱበትን ፍጥነት አልረሳውም። ፔትሮኒላ ራሷ በዚያ ፍጥነት ሄዳ አታውቅም።

እንግዲህ ሕመሟን ልንገርዎት።

ቁልቁለት ላይ መልአክ ናት። ሜዳ ላይ መልአክ ናት። ከላ ፓዝ ወደ ኤል አልቶ ሲወጣ ግን፣ ሰው ሞልታ፣ ሞተሯ በደንብ ከጋለ በኋላ፣ ከመቃብሩ በላይ ያለው ጠመዝማዛ ላይ ስትደርስ ሁለት ጊዜ ታስነጥሳለች። ከዚያ ትተኛለች። መብራቷ ይበራል፣ ክላክሷ ይጮኻል፣ ራዲዮኗ ይዘፍናል፤ ሞተሯ ብቻ የለም። ወርጄ ጎማዋ ሥር ታኮ አስገባለሁ፤ መንገደኛው ይወርዳል፤ ሩብ ሰዓት ታርፋለች። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። የሰው ልጅ እንዲህ ቢያደርግ «አስመሳይ» ይባላል።

መንገደኛውን ያውቁታል። «ዶን ኤውሎሂዮ፣ ይቺ ነገር አርግዛለች እንዴ?» ይላል አንዱ። ዶኛ ሳቱርኒና ከኋላ ወንበር ትቀበለዋለች፦ «እርግዝናን አትስደብብኝ! እኔ ሰባት አርግዤ ሰባቱንም ይዤ ይሄን ዳገት በእግሬ ወጥቻለሁ። ይቺ ሰነፍ ናት።»

ሳቁ ሳቅ ነው፤ ጉዳዩ ግን የእንጀራ ጉዳይ ነበር። የታክሲ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ጠርቶኝ በጣም በሐዘኔታ፣ እጄን ይዞ እንዲህ አለኝ፦ «ኤውሎሂዮ ወንድሜ፣ ደንቡን ታውቀዋለህ። ዳገት ላይ መንገደኛ ሦስት ጊዜ የጣለ መኪና ተራው ይሰረዛል። አንተ ሁለት ተመዝግቦብሃል።» ሁለት ብቻ የሆነው ተራ አስከባሪው ስለሚወደኝ ነው፤ እሱ ያላየው ሃያ ይሆናል። ደንቡን ደግሞ እጄን አውጥቼ ያጸደቅሁት እኔው ራሴ ነኝ። ያኔ አሮጌ መኪና የነበረው ሌላ ሰው ነበርና ደንቡ በጣም ፍትሐዊ መስሎኝ ነበር። ተራዬ ከተሰረዘ፣ አበልጄ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቼ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ የሰው መኪና ሾፌር ሆኜ እንደ አዲስ ልጀምር ነው።

ታዲያ ዋስትና የለህም ወይ ይሉኛል። አለኝ! ደብተሩን ከጸሎት መጽሐፌ በላይ አንብቤዋለሁ። ዋስትናው አንድ ዓመት ወይም ሃምሳ ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፤ የቀደመው ይቆጠራል። ገጽ ዘጠኝ ላይ ደግሞ ወርቅ የሆነ ቃል አለ፦ ያው አንድ ብልሽት ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ከተመዘገበ፣ ሻጩ ድርጅት ተሽከርካሪውን ይለውጣል።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጊዜ የነዳጅ ፓምፗን ለወጡና መዘገቡ። ሁለተኛ ስወስዳት ፓምፗን ደግመው ለወጡና መዘገቡ። ከዚያ በኋላ በዚያ ድርጅት ውስጥ እስከ ሦስት መቁጠር የሚችል ሰው ተገኘ መሰለኝ፣ አምስት ጊዜ ተመላልሼ አምስቱንም ጊዜ የተሰጠኝ ወረቀት አንድ ነው፦ «ደንበኛው የተናገረው ብልሽት አልተገኘም።» አምስቱንም በክላሴር አስቀምጫቸዋለሁ። እንደ ዲፕሎማ።

እንዴት ይገኛል? ጋራዣቸው ያለው ታች፣ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ አየሩ ሞቅ ባለበት ነው። ኢቫር የሚባል መነጽራም፣ ጨዋ መካኒክ አላቸው። ባዶዋን ይነዳታል፤ መስኮት ከፍቶ፣ ሙዚቃ ከፍቶ፣ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሮ ይመለሳል። «ጋሼ፣ ጤነኛ ናት» ይለኛል። ዳገት ውጣባት፣ ሰው ጫንባት እለዋለሁ። «ከግቢው ሁለት ኪሎ ሜትር በላይ እንዳንርቅ መመሪያ አለ፤ ሰው መጫንም ክልክል ነው» ይለኛል። ላ ፓዝ ከተማ ውስጥ ዳገት የሌለበት ሁለት ኪሎ ሜትር መንገድ ፈልገው ያገኙ እነሱ ብቻ ናቸው። ለዚህስ ሽልማት ይገባቸዋል።

ሥራ አስኪያጁ ባልዲቪዬሶ ይባላሉ። ጸጉራቸው በቅባት የተኛ፣ ድምፃቸው በቅባት የተኛ ሰው ናቸው። በሄድኩ ቁጥር ትከሻዬን አቅፈው «ዶን ኤውሎሂዮ፣ እርስዎኮ ቤተሰባችን ነዎት» ይሉኛል። ቤተሰብ ስለሆንኩ ነው መሰል ሦስት ሦስት ሰዓት በር ላይ የምጠብቀው። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ «ጌታዬ፣ ቤተሰብ ከሆንኩ እስቲ የእናቴን ስም ይንገሩኝ» አልኳቸው። ሻይ አዘዙልኝ።

በዚህ መካከል ኪሎ ሜትሩ ይሮጣል። ሰኔ ሲያልቅ ቆጣሪው ላይ አርባ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ አነበብኩ። ሞተሯን አጠፋሁ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ፣ «ለቤተሰብ ጉዳይ» ብዬ ከማኅበሩ የወር ፈቃድ ወሰድኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪና እያለኝ እግረኛ ሆንኩ። ከተማ ስወርድ በገመድ በሚሄደው ሳጥን እየተንጠለጠልኩ ከላይ ሆኜ የራሴን ጎጆ፣ የራሴን ግቢ፣ ቆማ የምትሳለቅብኝን የራሴን ሚኒባስ አያለሁ። የድንች ጭነት ሲመጣ ከመንገድ ማስነሳት ካለብን ሰባት ሰው ሆነን እንገፋታለን፤ ሞተር ካልተነሳ ቆጣሪው አይቆጥርምና። ቱባ የሚባለውን ግዙፍ ጥሩምባ የሚነፋው ኩስቶዲዮ፣ ያ ወፍራሙ የሠርግ ሙዚቀኛ፣ እየገፋ ሳለ «ዶን ኤውሎሂዮ፣ መኪና መግዛትህ በጀን፣ ሁላችንም ጡንቻ አወጣን» ይለኛል።

አርባ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ቀረኝ። ዓመቱ ሊሞላ ደግሞ ዐሥር ቀን። በዚያ ውስጥ ፔትሮኒላ በመካኒክ ፊት መተኛት አለባት። ካልተኛች ከነአመሏ የእኔው ሆና ትቀራለች።

የመፍትሔው ባለቤት ዶኛ ሳቱርኒና ናት። «መካኒኩ ወደ ዳገት ካልመጣ ዳገቱን እንውሰድለት» አለች። ዳገቱ እኛ ነን ማለቷ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሦስት ጎረቤት ሞልተን፣ ድንች በጆንያ ጭነን፣ ኩስቶዲዮን ከነቱባው አስገብተን ወደ ታች ወረድን። ቁልቁለት ስለሆነ መልአክ ነበረች። ግቢያቸው በር ላይ ስንደርስ ቆጣሪው አርባ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዘጠኝ ይላል።

ሥራ አስኪያጁ መመሪያቸውን አነበቡልን። ሁለት ኪሎ ሜትር። ሰው መጫን ክልክል። ቤተሰብ።

እኛ ኤል አልቶዎች ስናኮርፍ ምን እንደምናደርግ ያውቃሉ፤ መንገድ እንዘጋለን። ውሃ ሲጠፋ እንዘጋለን፣ ዳቦ ሲያንስ እንዘጋለን፤ የኩስቶዲዮ ባንድ አርፍዶ ለመጣበት ሠርግ ሙሽራው ራሱ ዘግቶ ያውቃል። ፔትሮኒላን በሩ ላይ አግድም አቆምኳት፤ የእጅ ፍሬን ሳብኩ። አንድም ሰው አልወረደም። ዶኛ ሳቱርኒና ሹራቧን አውጥታ መሥራት ጀመረች። ኩስቶዲዮ በመስኮት ቱባውን አወጣና የቀብር ማርሽ ነፋ፤ ከዚያ የሠርግ፤ ከዚያ የሁለቱ ቅልቅል የሆነ አንድ ነገር። አዲስ መኪና ሊገዙ የመጡ ባልና ሚስት ከውጭ ቆመው ዶኛ ሳቱርኒናን «ምን ሆናችሁ ነው?» ቢሏት «ከዚህ ገዝተን ነው» አለቻቸው። ሰዎቹ ዞረው ሄዱ። ሁለተኛው ገዢ ሲዞር ሥራ አስኪያጁ ኢቫርን ከነኮምፒውተሩ በእጃቸው እየገፉ አመጡልን።

ኢቫርን ፊት አስቀመጥኩት። ኮምፒውተሩን በገመድ ከመሪው ሥር አገናኘ። ጉዞ ጀመርን።

አበልጄ፣ ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ድንግል ሆይ አድርሺኝ» ብሎ ሲጸልይ ኖሮ፣ በአንድ ቀን «ድንግል ሆይ አቁሚኝ» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አይጠይቁኝ። መኪናው በሙሉ ይጸልያል። ዳገቱ ተጀመረ። ገበያውን አለፍን፤ ምንም። መቃብሩን አለፍን፤ ምንም። ጠመዝማዛው ጋ ስንደርስ ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን፤ ኩስቶዲዮ ዓይኑን ጨፈነ።

እንደ ፍየል ወጣች። እንደ ወጣት ፍየል! ሳታስነጥስ፣ ሳታቃስት፣ እየዘፈነች ላይ ድረስ ወጣች። «አንቺ ወራዳ!» ብላ ዶኛ ሳቱርኒና ወንበሩን በጡጫ መታች፤ «ሰው ፊት ጨዋ!» ከኋላ አንዲት ሴት «ውለታ ቢስ፣ ስንት ቀን ገፋንሽ!» አለች። ኢቫር መነጽሩን እየጠረገ፣ ማዘኑ ግን ከፊቱ እየታየ፣ «ጋሼ፣ ምን ልጻፍ?» አለኝ። ምን እንደሚጽፍ እኔም እሱም እናውቃለን። ስድስተኛ ዲፕሎማ። ቆጣሪው አርባ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስድስት።

መሪው ላይ ግንባሬን ደፋሁ። አልዋሽዎትም፤ ማልቀስ አማረኝ። አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ብቻ ቀረኝ፤ ታች ድረስ ተመልሶ እንደገና ለመውጣት አይበቃም።

ያኔ ኩስቶዲዮ፣ ከቱባው በቀር በምንም የማይመራመረው ሰውዬ፣ «ግን እኮ ሁልጊዜ የምትተኛው ከተራ ስንነሳ ነው» አለ። እውነቱን ነው! ከጋራዡ ግቢ ተነስተን ሳንቆም ነው የመጣነው፤ ንፋስ እየመታት። በሥራ ቀን ግን ሳን ፍራንሲስኮ አደባባይ ተራዋ እስኪደርስና እስክትሞላ ድረስ ሞተሯ ሳይጠፋ ግማሽ ሰዓት በጸሐይ ትቆማለች። የእኛ አሠራር ነው፤ ሞተር ያጠፋ ተራውን ይቀደማል። ከላይ እስከ አደባባዩ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው። ስድስት ወርደን ስምንት ይቀረናል።

ወረድን። ተራ ገባን። ተራ አስከባሪው አሥራ አራት ሰው ሞልታ ተራ የምትጠብቅ ሚኒባስ ሲያይ «ዶን ኤውሎሂዮ፣ ሞልተሃልኮ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ብሎ ጮኸ። «ብልሽት» አልኩት። ግማሽ ሰዓት ቆምን። ኢቫር ላቡን እየጠረገ ከዶኛ ሳቱርኒና ቅርጫት የደረቀ ባቄላ ይቆረጥማል፤ እሷም ስለ ሚስቱ፣ ስለ አማቱ፣ ስለ ደመወዙ ጠይቃው ጨርሳ መምከር ጀምራለች። ከዚያ ተነሳን።

ጠመዝማዛው ጋ አንድ ጊዜ አስነጠሰች። ሁለተኛ አስነጠሰች። ተኛች።

አበልጄ፣ እንዲያ ያለ ደስታ በሠርጌም አላየሁም፤ ነፍሷን ይማርና ሟቿ ባለቤቴም ይቅር ትበለኝ። ሰው ተቃቀፈ። ዶኛ ሳቱርኒና ኢቫርን ሁለት ጉንጩን ሳመችው። ኩስቶዲዮ ወርዶ መንገድ ዳር ቱባውን ነፋ። ከኋላ የቆሙት ሾፌሮች «ተበላሽቶባችሁ ነው የምትጨፍሩት?» እያሉ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። ኢቫር ኮምፒውተሩን እያየ «ጋሼ፣ እውነትዎን ነበር» አለና ጻፈ። ሦስተኛው! በአርባ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስድስት ኪሎ ሜትር። ታሪክ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ከዚያ ኮፈኖውን ከፈተ። ለረጅም ጊዜ ቀና አላለም። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል። በጣቱ ጫፍ አንዲት ሮዝ ክብ ወረቀት ይዟል፤ ያቺ በበዓል የምንበትናት። «ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ ብዙ ወረቀት አለ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ወደ ፓምፑ የሚሄደው የኤሌክትሪክ መጋጠሚያ ላይ ደግሞ የሆነ ጣፋጭ ነገር ደርቋል። ሲግል ይቀልጣል መሰለኝ። ይህንንም መጻፍ አለብኝ።» ሐቀኛ ሰው ስለሆነ ጻፈው።

በጎታች መኪና ወሰዷት፤ አራቷ ኪሎ ሜትር እንዳትነካ። ሥራ አስኪያጁ የኢቫርን ወረቀት አንብበው ሲጨርሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ፈገግ አሉ። «ፈሳሽ ፈስሶበታል። ገጽ አሥራ ሁለት። ዋስትናው ፈርሷል» አሉ። ከዚያ ባዶ ወረቀትና ብዕር ወደ እኔ ገፉ። ሞተሩ ላይ መጠጥ ያፈሰሰው ሰው ስሙ ተጽፎ ይፈረም፤ የክርክር ጊዜ ማስረጃ ይሆናል። ዶኛ ሳቱርኒና፣ ኮፓካባና አብራን ስለነበረች፣ አየችኝ። ብዕሩን አነሳሁና የራሴን ስም ጻፍኩ። የእርስዎ ስም በዚያ ቅባታም ጠረጴዛ ላይ እንዲያርፍ አልፈቀድኩም። ምክንያቱን አይጠይቁኝ፤ እጄ ነው የጻፈው።

ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለኝ። ኮፍያዬን አንስቼ ልወጣ ስል ዶኛ ሳቱርኒና የለችም። ዘወር ስንል ለሽያጭ የቆሙት አዳዲሶቹ መኪኖች መካከል ገብታ የአንዷን ኮፈኖ እየታገለች ነው። ጠባቂው «እማማ፣ አይነካም!» እያለ ይሮጣል። «ልጄ፣ ልገዛ ነው፤ ሳላይ ልግዛ?» አለችው። ኮፈኖው ተከፈተ።

አበልጄ፣ ሮዝ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ሞተሩ ላይ ክብ ክብ ወረቀት እንደ አደይ ተነስንሷል፤ ባትሪው ላይ የወረቀት ሪባን ተጠምጥሟል፤ ሽታውም የወይን ነው። ሁለተኛውን ከፈተች፤ ያው ነው። ሦስተኛውን ጠባቂው ራሱ ከፈተላት፤ የማየት ጉጉት ይዞት።

በየዓመቱ የካቲት ላይ በካርኒቫል ማክሰኞ ሰው ሁሉ ቤቱን፣ ሱቁን፣ ሚዛኑን መጠጥ ሲያጠጣና ሲያስጌጥ፣ ድርጅቱስ ሰው አይደለም? ገበያቸው እንዲቀና ግቢው ውስጥ ያለውን መኪና ሁሉ ኮፈኖ ከፍተው ያጠጣሉ። ፔትሮኒላም ባለፈው ዓመት ካርኒቫል እዚያው ቆማ ነበር፤ የገዛኋት ከዚያ በኋላ፣ ነሐሴ ነው። «ጌታዬ» አለች ዶኛ ሳቱርኒና፣ ሮዟን ወረቀት በእጇ ይዛ፣ «እነዚህን ደግሞ ማን አጠጣቸው? እነሱም ዶን ኤውሎሂዮ ናቸው?»

ሥራ አስኪያጁ «ይህ ማስረጃ አይሆንም…» ብለው ሲጀምሩ ኢቫር ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ ጌታዬ» አለ፣ ጫማውን እያየ፣ «ወይኑን የገዛሁት እኔ ነኝ። በእርስዎ ትእዛዝ። ሁለት ካርቶን።» የሥራ አስኪያጁ ጸጉር እንኳ ከቅባቱ የተነሳ መሰለኝ። ያንን ጣፋጭ ነገር የእርስዎ ጠርሙስ ይሁን የእነሱ ካርቶን የለየው የለም፤ እኔም እንዲለይ አልጓጓሁም።

የፈረምኩትን ወረቀት ቀደው ጣሉና ሁለት ምርጫ ሰጡኝ። አንደኛው፦ ፔትሮኒላ እንዳለች ትቆይ፤ ከሞተሯ እስከ መጨረሻዋ ገመድ ሁሉም አዲስ ይገባላት፤ ዋስትናዋም ሁለት ዓመት ይራዘም፤ አገልግሎቱ በነጻ። ሁለተኛው፦ እሷን አስረክቤ ሌላ አዲስ ሚኒባስ ልውሰድ፤ ዋስትናው ግን ስድስት ወር ብቻ።

ሊቀ መንበሩን ደውዬ አማከርኩ። «አንደኛውን! ሁለት ዓመት! አብደሃል እንዴ ይሄ ይጠየቃል?» አለኝ። ኢቫር ጠጋ ብሎ በጆሮዬ «አንደኛውን፣ ጋሼ፤ በእጄ ነው የምሠራት» አለኝ። ኩስቶዲዮም አንደኛውን አለ። ሥራ አስኪያጁ እንኳ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ቤተሰብ፣ አንደኛውን አሉ።

ሁለተኛውን ወሰድኩ።

ለሊቀ መንበሩ ቀለሟ ሰልችቶኛል አልኩት። ለኢቫር ወንበሯ ወገቤን ያመኛል አልኩት። ለኩስቶዲዮ ለቱባህ በሯ ይጠባል አልኩት፤ አዲሷም በሯ ያው ነው። ለዶኛ ሳቱርኒና ምንም አላልኳትም። እሷ ግን ሹራቧን አቁማ አየችኝና «አሃ» አለች። ከዚያ ምላስ በሕይወት ዘመኑ የወጣ አጭሩ ቃል ነው።

እናም ፔትሮኒላን አስረከብኳት። አበባዋ ደርቆ ነበር፤ ፈትቼ በጋዜጣ ጠቅልዬ ቤት አስቀምጫለሁ። ስሟን ከመዝገብ ሰረዙ፤ ሰሌዳዋን ፈቱ፤ ለመለዋወጫ ትፈታለች አሉኝ። ከእንግዲህ እርስዎ የክርስትና ልጅ የለዎትም። እግዚአብሔር ያጽናዎት እያልኩ፣ እኔን ግን ሐዘኑ እንደሚገባው ስላልያዘኝ በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከግቢው ስወጣ እያፏጨሁ ነበር፤ ጠባቂው ምስክሬ ነው።

አዲሷ ትናንት መጣች። ተራዬ በቦታው ነው፤ ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። ነሐሴ 5 ኮፓካባና እወስዳታለሁ። የክርስትና እናቷ ዶኛ ሳቱርኒና ናት፤ ጠየቅኋት፣ እሺ አለች፤ ሁለት ጠብታ ብቻ እንደምታፈስ ኢቫር ፊት አስምያታለሁ። እርስዎን ለዚህ ማዕረግ ለምን እንዳልጠየቅሁ ይቀየሙኝ ይሆናል። አይቀየሙኝ። በዚህ ዓመት ከእርስዎ የምፈልገው አበባ እንዲጎነጉኑ፣ ቢራ እንዲገዙ፣ ስም እንዲያወጡ አይደለም። ባዶ እጅዎን እንዲመጡ ብቻ ነው። የኮቻባምባው አውቶቡስ ማለዳ ሲደርስ መናኸሪያው በር ላይ ሞተሬን አጥፍቼ እጠብቃለሁ። ተራዬን ቢቀድሙኝም።

ድንግል ጉልበትዎን ትጠብቅልኝ፤ ልጅዎንና የልጅ ልጆችዎን ታሳድግልኝ፤ መንገድዎን ከዝናብ ታድንልኝ። ኮኩ ካፈራ ሁለት ይዘውልኝ ይምጡ። እነሱ ባዶ እጅ አይቆጠሩም።

እስከ ባለፈው ማክሰኞ ድረስ አበልጅዎ የነበርኩት ኤውሎሂዮ